ሒሳብና አንደበት፦ የአሕመድ መሐመድ ሞሐሙድ «ሲላንዮ» የሥራ ዘመንና የሶማሊላንድ የገንዘብ አስተዳደር ቃላት

1. መግቢያ

ከኮድቡር ወረዳ ተነሥቶ ወደ ሀርጌሳ መሀል ገበያ የሚወርድ እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በጎዳናው ዳር እንደ ጡብ በተደረደረው የወረቀት ገንዘብ ክምር ላይ ነው። መንዛሪዎቹ ከክምሩ አጠገብ ተቀምጠው ዶላሩን በሶማሊላንድ ሽልንግ፣ ሽልንጉን በዶላር ይለዋውጣሉ። ይህ ገንዘብ ከአገሩ ውጭ በየትኛውም ባንክ ተቀባይነት የለውም፤ ያወጣው መንግሥትም ረዘም ላለ ዘመን ዓለም አቀፍ እውቅና ሳያገኝ የኖረ ነው። ገንዘቡ ግን ይሠራል፤ ሰው አምኖበት ይቀበለዋል፤ አምኖበት ይከፍልበታል። እንዲህ ያለው እምነት በወርቅ ክምችት ወይም በብድር ዋስትና የቆመ ካልሆነ በምን ቆመ?

ይህ ጽሑፍ ለጥያቄው ከአንድ ሰው የሥራ ዘመን በመነሣት ከፊል መልስ ለመስጠት ይሞክራል። ሰውየው በምጣኔ ሀብት ትምህርት ሠልጥነው፣ በሞቃዲሾ የዕቅድና የንግድ ሚኒስትር፣ በኢትዮጵያ ምድር የአማፂ ንቅናቄ ሊቀ መንበር፣ በሀርጌሳ የገንዘብ ሚኒስትር፣ በመጨረሻም ከ2010 እስከ 2017 የሶማሊላንድ ፕሬዚዳንት የነበሩት አሕመድ መሐመድ ሞሐሙድ «ሲላንዮ» ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው በፖለቲካ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቀ ነው። እዚህ የሚታየው ግን ከቋንቋ አንጻር ነው፤ ማለትም የቁጥር ሰው የሆነ ፖለቲከኛ ያለፈባቸው መሥሪያ ቤቶች በምን ቃላት ይናገሩ እንደ ነበርና እነዚያ ቃላት በሕዝብና በመንግሥት መካከል ምን ዓይነት ውል እንደ ፈጠሩ ይመረመራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የሶማሊኛ ቃላት በግእዝ ፊደል ሲጻፉ በላቲኑ አጻጻፍ በሁለት ፊደል የሚወከለው የተጠቀለለ ድምፅ፣ በኦሮምኛ እንደ ተለመደው፣ በ«ዸ» ተወክሏል።

ስለ ስማቸው አንድ ነገር ማስቀደም ያስፈልጋል። «ሲላንዮ» የቤተሰብ ስም ሳይሆን ቅጽል ነው። ሶማሌዎች ሰውን በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠሩታል፤ አሕመድና መሐመድ የሚሉት ስሞች እጅግ ስለሚደጋገሙ ግን ሰውን ከሰው የሚለየው ቅጽሉ ነው። በሶማሊላንድ ፖለቲካ ይህ ልማድ እስከ ድምፅ መስጫው ድረስ ይዘልቃል። ተፎካካሪያቸው ፋይሰል ዓሊ የሚታወቁበት «ዋራቤ» የሚለው ቃል ጅብ ማለት ሲሆን፣ የኦሮምኛውን «ዋራቤሳ» የሚያውቅ አንባቢ ዝምድናውን ወዲያው ያስተውላል። በ2024 የተመረጡት አብዲረሕማን የተጠሩበት «ዒሮ» ደግሞ ሽበት ማለት ነው።

2. በሁለት የጽሕፈት ቋንቋዎች መካከል

አሕመድ ሲላንዮ በ1930ዎቹ በቡርዖ ተወለዱ። አገሩ በዚያን ጊዜ የብሪታንያ ጥበቃ ግዛት ነበር። በሼክና በዐሙድ ትምህርት ቤቶች ከተማሩ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተሻግረው በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ትምህርት ተከታተሉ፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ በሁለተኛ ዲግሪ ተመርቀው ተመለሱ። ያን ጊዜ በአገሩ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ለዚያ ትውልድ ሊቅነት ማለት ባሕር ተሻግሮ በባዕድ ቋንቋ መሠልጠን ነበር።

ሲመለሱ ያገኙት አገር ትተውት ከሄዱት የተለየ ነበር። የብሪታንያው ሶማሊላንድ ሰኔ 26 ቀን 1960 ነጻ ወጥቶ ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 1 ቀን፣ ኢጣልያ ታስተዳድረው ከነበረው ደቡብ ጋር ተዋሕዷል። ውሕደቱ በስሜት ፈጣን፣ በጽሕፈት ቤት ግን አዝጋሚ ነበር። የሰሜኑ መዝገብ በእንግሊዝኛ፣ የደቡቡ በኢጣልያንኛ ይያዛል፤ ሃይማኖቱና የንግዱ ደብዳቤ በዐረብኛ ይጻፋል፤ ሕዝቡ ሁሉ የሚናገረው ሶማሊኛ ግን በመንግሥት የጸደቀ ፊደል አልነበረውም። ስለዚህ በሞቃዲሾ የዕቅድ መሥሪያ ቤት ሥራ የጀመሩት ወጣት የምጣኔ ሀብት ባለሙያ የዘመኑን እንቆቅልሽ በጠረጴዛቸው ላይ አገኙት። የመንግሥት በጀት አዘጋጁ በአንድ ቋንቋ ይጽፈዋል፤ ተቆጣጣሪው በሌላ ቋንቋ ያነበዋል፤ ከፋዩ በሁለቱም ቋንቋ አያውቀውም።

ከዚህ ጋር የኢትዮጵያን ሁኔታ ማነጻጸር ይጠቅማል። በ1945 የወጣው የኢትዮጵያ ገንዘብ በእንግሊዝኛ «ዶላር» ሲባል በአማርኛ ግን «ብር» ተባለ፤ ሁለቱ ስሞች በአንድ ወረቀት ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረው ኖሩ። ይልማ ደሬሳን የመሰሉ በለንደን የተማሩ የገንዘብ ሚኒስትሮች ከውጭ አበዳሪ ጋር በእንግሊዝኛ ቢነጋገሩም፣ ወደ ቤተ መንግሥቱና ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ የሚሄደውን ደብዳቤ የሚጽፉበት የቆየ የአማርኛ የጽሕፈት ቋንቋ ነበራቸው። የሶማሊው ባለሙያ ይህ አልነበረውም።

3. ዕቅድና ፊደል

ጦር ኃይሉ በጥቅምት 1969 ሥልጣን ሲይዝ አሕመድ ሲላንዮ የዕቅድ ሚኒስትር ሆኑ። በ1973 ወደ ንግድ ሚኒስቴር ተዛወሩ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያም ወደዚያው ሚኒስቴር ተመልሰው ነበር። የዕቅዱ ሚኒስቴር ከ1971 እስከ 1973 የሚዘልቅ የልማት መርሐ ግብር በያዘበት በዚሁ ጊዜ ለቋንቋ ታሪክ ከማንኛውም የልማት ዕቅድ የሚበልጥ ነገር ሆነ። በጥቅምት 1972 ሶማሊኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ታወጀ፤ ከ1973 መጀመሪያ ጀምሮም የመንግሥት የሥራ ቋንቋ ሆነ። ሠራተኞች አዲሱን አጻጻፍ በወራት ውስጥ እንዲማሩ ታዘዙ። በ1974 እና በ1975 ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠሩ ዘመቱ።

የገንዘብና የዕቅድ መሥሪያ ቤቶች ከዚህ አዋጅ በኋላ የሚጠቀሙበትን ቃል ሁሉ መሰየም ነበረባቸው። የተገኘው መዝገበ ቃላት በሦስት ምንጮች ሊከፈል ይችላል።

አንደኛው ምንጭ ዐረብኛ ነው። «ወሳራድ» (ሚኒስቴር)፣ «ማሊያድ» (የገንዘብ አስተዳደር)፣ «ሚሳኒያድ» (በጀት) እና «ዐንሹር» (ግብር፣ ቀረጥ) ከዚያ የመጡ ናቸው። የድምፅ ለውጣቸው ሥርዓት ያለው ነው፦ ሶማሊኛ «ዝ» ስለሌለው የዐረብኛው «ዝ» ወደ «ስ» ተለውጧል፤ በቃል መጨረሻ «ት» ስለማይቆምም የአንስታይ ጾታ ምልክቱ «ድ» ሆኗል። በዚሁ ሕግ «ዘካት» የሚለው «ሰኮ» ተብሏል። ሁለቱ ቃላት ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ አይደሉም። «ሚሳኒያድ» ከ«ሚዛን»፣ «ዐንሹር» ደግሞ ከ«ዐሥራት» ጋር በሴማዊ ሥር ይገናኛሉ።

ሁለተኛው ምንጭ የአርብቶ አደሩ ኑሮ ነው። ምጣኔ ሀብት «ዻቃሌ» ይባላል፤ ቃሉ ከብት ማርባትንና መንከባከብን ከሚያመለክት ግሥ የወጣ ነው። ባህልን የሚያመለክተው «ዸቀን»ም ከዚሁ ግሥ ተወልዷል። «ሖሎ» እንስሳትንም ሀብትንም ያመለክታል፤ በአማርኛም «ከብት» በቀድሞው አጠቃቀም ንብረትን ሁሉ ይሸፍን እንደ ነበር የድሮ ጽሑፎችን የሚያነብ ያውቃል። ዕቅድ ደግሞ «ቆርሼ» ተባለ፤ ይህም መቅረጽንና መጻፍን ከሚያመለክተው «ቆር» ጋር የተያያዘ ነው።

ሦስተኛው ምንጭ የቅኝ ገዢዎቹ ቋንቋ ነው። ከዚያ የቀረው በተለይ «ሺሊን» ነው። አማርኛም «ሽልንግ» የሚለውን ተውሶ ለሃምሳ ሳንቲም ሰጥቶታል። አንዱ የውሰት ቃል በድንበሩ በሁለት ወገን የተለያየ ዋጋ ይዞ መኖሩ በቶጎ ውጫሌ ገበያ ዛሬም የሚታይ ጉዳይ ነው።

በዚህ ክፍፍል ውስጥ መታየት ያለበት ነገር አለ። መንግሥት ከሕዝብ የሚወስደው ነገር ስም ከሃይማኖት ቋንቋ መጣ፤ ሕዝብ ራሱ የሚያፈራው ነገር ስም ከበረቱ መጣ። ቀረጥ ባዕድ ድምፅ፣ ሀብት የቤት ድምፅ ያለው ሆነ። የዚህ ልዩነት ክብደት የታየው ኋላ ነው።

4. መዋጮና ግብር

አሕመድ ሲላንዮ በ1982 መንግሥቱን ትተው ወደ ለንደን ሄዱ። የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ በ1981 እዚያው ለንደን ተመሥርቶ ነበር፤ ዋና መሥሪያ ቤቱንም ብዙም ሳይቆይ ወደ ኢትዮጵያ አዛወረ። በ1984 ሊቀ መንበር ሆነው ተመረጡና እስከ 1990 መሩት። የንቅናቄው ከባድ ዓመታት የወደቁት በእርሳቸው ዘመን ነው። በሚያዝያ 1988 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ እንዳይረዳ ተስማሙ። የኢትዮጵያ መጠለያ የተዘጋበት ንቅናቄ በግንቦት መጨረሻ ወደ ቡርዖና ወደ ሀርጌሳ ገባ። መንግሥት በመድፍና በአውሮፕላን መልሶ ሀርጌሳን አፈራረሳት፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በእግራቸው ወደ ኢትዮጵያ ሸሽተው በሐርታ ሼክና በሌሎች መጠለያዎች ሰፈሩ።

ይህ ጦርነት በታላላቅ መንግሥታት ገንዘብ የተደገፈ አልነበረም። ንቅናቄው በአብዛኛው የተማመነው በወገኖቹ መዋጮ፣ በተለይም በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በብሪታንያ ይኖሩ በነበሩት ላይ ነበር። የመዋጮው የሶማሊኛ ስም «ቃራን» ነው። ቃራን ለተቸገረ ዘመድ፣ ለጉማ ክፍያ ወይም ለጋራ አደጋ ከጎሣው አባላት የሚሰበሰብ ገንዘብ ነው። የሚሰበስበው ሰው ይታወቃል፤ የሰጠው ሰው ይታወቃል፤ የት እንደ ዋለ የመጠየቅ መብት ከሰጪው ጋር ይኖራል። አልሰጥም ያለ ሰው የሚቀጣው በሕግ ሳይሆን በዘመዶቹ ፊት በሚደርስበት እፍረት ነው።

በማንቸስተር የመንግሥትን ገቢና ወጪ የተማሩት ሰው እንግዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ የመሩት ገቢው ግብር ያልሆነ ድርጅት ነው። ይህ ልምድ ከመማሪያ መጽሐፍ የሚገኝ አልነበረም። በአማርኛ ለዚህ የሚቀርበው ቃል «ግብር» ራሱ ነው፤ ምክንያቱም ግብር ባላገሩ የሚከፍለውም፣ ገዥው በአዳራሹ የሚያበላውም ነበር። ሁለት አቅጣጫ ያለው ቃል ነው። ቃራንም እንዲሁ ሁለት አቅጣጫ አለው፤ ዛሬ የሰጠ ነገ ይቀበላል። «ዐንሹር» ግን በሕዝቡ ልማድ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው ቃል ሆኖ ቆይቷል፦ ከባላገሩ ወደ መንግሥት።

5. የገንዘብ ሚኒስትሩና የበርበራ ወደብ

ሶማሊላንድ ከሶማሊያ መለየቷን በግንቦት 1991 አወጀች። በ1993 በቦረማ በተደረገው የሽማግሌዎች ጉባኤ መሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ዔጋል ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በጥቅምት 1994 አዲሱ ሽልንግ ወጣ፤ አንዱ የሶማሊላንድ ሽልንግ በመቶ የሶማሊያ ሽልንግ ተመነዘረ። አሕመድ ሲላንዮ በዚህ ጊዜ የምክር ቤት አባል ነበሩ፤ በ1997 የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው ሁለት ዓመት ያህል አገለገሉ፤ ቀጥሎም የዕቅድ ሚኒስቴርን ያዙ።

የሚኒስትሩን ሥራ አስቸጋሪ ያደረገው የአገሩ ሕጋዊ አቋም ነው። እውቅና የሌለው መንግሥት ከዓለም ባንክም ሆነ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ሊበደር አይችልም። በጀቱ የሚቆመው በዋናነት በበርበራ ወደብ በሚሰበሰበው ቀረጥ ላይ ነው፤ የወደቡ ሕይወት ደግሞ ወደ ዐረብ አገር የሚጫነው በግና ፍየል፣ ከብትና ግመል ነው። በ1998 ሳዑዲ ዐረቢያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለውን የእንስሳት በሽታ ምክንያት በማድረግ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣውን እንስሳ አገደች። እገዳው በ1999 ቢነሣም በ2000 ተመልሶ እስከ 2009 ቆየ። «ሖሎ» ማለት ሀብትም እንስሳም መሆኑ ለሚኒስትሩ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ በጉ ሳይጫን ሲቀር የመምህሩ ደመወዝም ይቀራል።

ብድር የሌለበት መንግሥት ከነጋዴው ጋር መነጋገር ግድ ይሆንበታል። ስለ ሶማሊላንድ የተጻፉ ጥናቶች አዘውትረው እንደሚያነሡት መንግሥቱ ለተጠያቂነት የተገደደው የሚወስደውን ገንዘብ ከሚያውቃቸውና ከሚያውቁት ሰዎች ስለሚወስድ ነው። በዚህ ጽሑፍ አነጋገር «ዐንሹር» ተቀባይነት ያገኘው የ«ቃራን»ን ጠባይ በወረሰ መጠን ነው። ይህ የአንድ ሚኒስትር ሥራ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ሁለቱን ሥርዓቶች በየተራ የመሩ ሰው በዚህ ወንበር መቀመጣቸው በአጋጣሚ ብቻ የሚታለፍ አይደለም።

6. ሰማንያ ድምፅ

በግንቦት 2001 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ6ኛው አንቀጹ ሶማሊኛን የመንግሥት ቋንቋ፣ ዐረብኛን ሁለተኛ ቋንቋ አድርጎ ደነገገ፤ ሌሎች ቋንቋዎች እንደ አስፈላጊነቱ እንዲሠራባቸው ፈቀደ። የፖለቲካ ፓርቲዎችም ከሦስት እንዳይበልጡ ወሰነ። ስሞቻቸው ለቋንቋ አጥኚ የሚናገሩት አላቸው። የገዥው ፓርቲ ምሕጻረ ቃል «ኡዱብ» የድንኳን ምሰሶ የሚል ትርጉም ሲኖረው፣ አሕመድ ሲላንዮ በ2002 የመሠረቱት «ኩልሚዬ» ደግሞ አሰባሳቢ ማለት ነው። አንዱ ቤቱን ያቆመ፣ ሌላው ሰዎቹን የሚሰበስብ። ሁለቱም ስሞች ከአርብቶ አደሩ ሰፈር የተወሰዱ ናቸው።

ሚያዝያ 14 ቀን 2003 የፕሬዚዳንት ምርጫ ተደረገ። የምርጫ ኮሚሽኑ ውጤቱን ሲያስታውቅ ዳሂር ሪያሌ ካሂን 205,595፣ አሕመድ ሲላንዮ 205,515 ድምፅ ማግኘታቸውን ገለጸ። ልዩነቱ 80 ድምፅ ነበር። ኩልሚዬ ውጤቱን አልተቀበለም፤ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱም ለሪያሌ ፈረደ። ከተማዋ ከተቃጠለች ገና አሥራ አምስት ዓመት መሆኑ ነበር፤ ተሸናፊው ወገን የአማፂው ንቅናቄ የቀድሞ መሪ ሲሆን አሸናፊው በዚያድ ባሬ ዘመን የጸጥታ ሹም የነበሩ ናቸው። ጦር ለመማዘዝ ምክንያት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም ነበር።

በሒሳብ ለሠለጠነ ሰው ሰማንያ ከአራት መቶ ሺህ ሲነጻጸር በቆጠራ ስሕተት ሊዋጥ የሚችል ቁጥር ነው፤ ደግሞ ይቆጠር ብሎ መቆም ከሙያው ጋር የሚስማማ አቋም በሆነ ነበር። ጉዳዩ የተቋጨው ግን በደጋሚ ቆጠራ አልነበረም። ሽማግሌዎችና ታላላቅ ሰዎች በመካከል ገብተው ከሳምንታት ንግግር በኋላ አሕመድ ሲላንዮ ሽንፈቱን ተቀበሉ። በአማርኛ «ድምፅ» የሚለው ቃል የሚቆጠረውንም የሚሰማውንም ያመለክታል። በዚያ ሰሞን በሀርጌሳ የሚቆጠረው ድምፅ ጉዳዩን መጨረስ ሲሳነው የሚሰማው ድምፅ ጨረሰው። ሰባት ዓመት ጠብቀው በሰኔ 26 ቀን 2010 በተደረገው ምርጫ ከመቶ 49.59 አግኝተው አሸነፉ፤ ሪያሌም በተራቸው ሥልጣኑን በሰላም አስረከቡ። የ2010ሩ ርክክብ በ2003ቱ መቀበል የተገዛ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

7. በፕሬዚዳንትነት ዘመን

ሐምሌ 27 ቀን 2010 ቃለ መሐላ ፈጽመው ሥራ የጀመሩት ፕሬዚዳንት የቀድሞ ሙያቸው አልተለያቸውም። በ2011 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሆን ታወጀ፤ የ1000 እና የ5000 ሽልንግ ኖቶች ወጡ፤ ከ2012 እስከ 2016 የሚዘልቅ ብሔራዊ የልማት ዕቅድ ተነደፈ። በሞቃዲሾ በወጣትነታቸው የመሩት «ቆርሼ» ከአርባ ዓመት በኋላ በሀርጌሳ ተመልሶ መጣ። በ2016 የበርበራን ወደብ ለሠላሳ ዓመት ለማስተዳደር ከዱባዩ ዲፒ ወርልድ ጋር ስምምነት ተደረገ፤ የመዋዕለ ንዋዩ መጠን እስከ 442 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ተነገረ።

ሥዕሉ ሁሉ ብሩህ አይደለም። የሥልጣን ዘመናቸው በ2015 ማለቅ ሲገባው «ጉርቲ» የተባለው 82 አባላት ያሉት የሽማግሌዎች ምክር ቤት አራዘመው፤ ምርጫውም በድርቅ ምክንያት እንደገና ተገፍቶ በኅዳር 2017 ተደረገ። በዘመናቸው የጋዜጠኞች መታሰርም ተደጋጋሚ ወቀሳ አስከትሏል። በ2003 ሰላምን ያዳነው የሽማግሌዎች አንደበት በ2015 የምርጫን ቀን ለመግፋት መዋሉን ማስተዋል ያስፈልጋል። ጉርቲ የሚለው ቃል ለሁለቱም ተግባር አንድ ነው፤ የቃል ክብር ለተቋሙ ሥራ ሁሉ ዋስትና ሊሆን አይችልም።

የቋንቋ ለውጡም ቀጥሏል። በ2009 ቴሌሶም በእጅ ስልክ ገንዘብ የሚላክበትን አገልግሎት «ዛድ» ብሎ አወጣው። የ1972ቱ የሶማሊኛ ፊደል «ዝ»ን የሚወክል ምልክት የለውም፤ ሕዝቡ በየቀኑ የሚገበያይበት ነገር ስም ግን በዚያ ድምፅ ይጀምራል። «ወሳራድ»ን እና «ሚሳኒያድ»ን የፈጠረው የድምፅ ሕግ በገበያው ላይ የነበረው ሥልጣን እየላላ መሆኑን ይህ አንድ ቃል ይጠቁማል። የወረቀቱ ክምር በጎዳናው ላይ ቢቀርም ክፍያው ወደ ስልኩ እየገባ ነው።

አሕመድ ሲላንዮ በታኅሣሥ 2017 ሥልጣኑን ለሙሴ ቢሂ ዓብዲ አስረክበው ተሰናበቱ። ኅዳር 15 ቀን 2024 ዐረፉ፤ ከሁለት ቀን በፊት ሕዝቡ ሌላ ፕሬዚዳንት ለመምረጥ ወጥቶ ነበር።

8. ማጠቃለያ

ከዚህ የሥራ ዘመን ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የገንዘብ ባለሙያ ወደ ፖለቲካ ሲገባ ይዞት የሚገባው የቁጥር ዕውቀት በሕዝቡ ቃላት ካልተተረጎመ ሥልጣን አይሆነውም። ሁለተኛ፣ የመንግሥት ገቢ ስም ከየት እንደ መጣ ማወቅ ሰዎች ስለ ግብር ያላቸውን አመለካከት ለማወቅ ይረዳል፤ «ቃራን» እና «ዐንሹር»፣ «መዋጮ» እና «ግብር» ተመሳሳይ ገንዘብ ሲጠሩ እንኳ ተመሳሳይ ግንኙነት አይጠሩም። ሦስተኛ፣ የክልሉ ቋንቋዎች የገንዘብ መዝገበ ቃላት ገና በሚገባ አልተሰበሰበም። በ1988 ሀርጌሳ ስትፈርስ ከቤቶቿ ጋር መዛግብቷም ጠፍተዋል፤ ያንን ዘመን የሚያስታውሱ የወደብ ጸሐፊዎች፣ የንቅናቄው መዋጮ ሰብሳቢዎችና የድሮ ነጋዴዎችም በዕድሜ እየገፉ ነው። ቀረጥን፣ ዱቤን፣ ምንዛሪንና መዋጮን የሚሰይሙበትን አነጋገር ከአንደበታቸው መቅዳት የቋንቋ አጥኚዎች ሥራ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች የበጀቱን አኃዝ ከሌላ ቦታ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ሕዝቡ ያንን አኃዝ ለምን እንዳመነው የሚነግራቸው ግን ይህ አነጋገር ነው።